የድመት ሽንት ሽታ ከቤት እንዴት ይወጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድመት የምታሳድጉ ከሆነ፣ ወይም የጎረቤት አውራ ድመት በመስኮት እየገባ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ እነዚህ መልሶች ለእናንተ ናቸው። አብዛኛው ሰው ሽታን በሌላ ሽታ ለማጥፋት ይሞክራል። ዕጣን ያጨሳል፣ ሽቶ ይረጫል፣ በረኪና ያፈሳል። ሽታው ግን የሚጠፋው ሽታውን የሚያመጣው ነገር ራሱ ከጨርቁ ወይም ከወለሉ ሲወጣ ወይም ሲፈርስ ነው። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

አሁን፣ ዓይኔ እያየ ምንጣፉ ላይ ሸናች! መጀመሪያ ምን ላድርግ?

አትሹት። ማሸት ሽንቱን ወደ ጎን ያሰፋዋል፣ ወደ ታችም ይሰደዋል። ወፈር አድርጋችሁ የደራረባችሁትን ሶፍት ወይም አሮጌ ፎጣ ጣል አድርጉበትና በእግራችሁ ቁሙበት፤ ሰውነታችሁ ሲጫነው ሽንቱ ከሥር ወደ ላይ እየተመጠጠ ይወጣል፣ ፎጣውም ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ታያላችሁ። በደረቅ ቀይሩና ድገሙት። ፎጣው ደርቆ መነሳት እስኪጀምር ድረስ አታቁሙ።

ከዚያ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበትና እንደገና ምጠጡት። ሙቅ ውሃ አይሁን። በባልዲም አትድፉበት። እዚህ ላይ የምታጠፉት አሥር ደቂቃ በኋላ ከሚመጣው የሳምንት ልፋት ያድናችኋል፤ ትኩስ ሽንት ገና ውሃ ነው፣ የደረቀ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

የድመት ሽንት ለምንድን ነው ከሌላው የባሰ የሚከረፋው?

ድመት የዘር ሐረጓ ከደረቅ አገር ነው። ኩላሊቷ ውሃ መቆጠብ ስለሚችል ሽንቷ በጣም የተጠራቀመና ወፍራም ነው። ውስጡ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ሲያፈርሰው አሞኒያ ይሆናል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። በተጨማሪ ፌሊኒን የሚባል የድመት ሽንት መለያ የሆነ አሚኖ አሲድ አለ። እሱ ቀስ እያለ ሲፈርስ ድኝ ያለባቸው ሽታዎች ያወጣል። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ደግሞ ፌሊኒኑ ከሁሉም ይበዛል፤ ለዚህ ነው የአውራ ድመት ሽንት ግቢውን ሁሉ የሚሞላው።

ሦስተኛው ዩሪክ አሲድ ነው። ይህ ደርቆ ደቃቅ ጠጣር ይሆንና በውሃ በቀላሉ አይሟሟም። በጋ ላይ ታጥቦ ጠፋ የተባለ ሽታ ክረምት ሲገባ ተመልሶ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ አየሩ ሲረጥብ የተደበቀው ነገር እንደገና ይነሳል። ስለዚህ «ደርቋል፣ አይሸትም» ማለት «ጸድቷል» ማለት አይደለም።

በረኪና ላፍስበት?

አይሆንም። ይህን በደንብ አንብቡልኝ። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። የድመት ሽንት ደግሞ አሞኒያ አለበት። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሩን ዘግታችሁ ብዙ በረኪና ብታፈሱበት ዓይናችሁ ያለቅሳል፣ ጉሮሯችሁ ይቃጠላል፣ ሳል ይይዛችኋል፤ አስም ላለበት ሰው ወይም ለሕፃን ደግሞ ከዚያም የከፋ ሊሆን ይችላል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ፣ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። አንዱን ሞክራችሁ እንቢ ሲላችሁ ሌላውን ላዩ ላይ አትጨምሩ።

ቀድማችሁ አፍስሳችሁ ከሆነ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ከክፍሉ ውጡ፣ አየሩ ሲጠራ ተመልሳችሁ በብዙ ውሃ እጠቡት። መተንፈስ ከከበዳችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ዴቶልስ? ዕጣንስ? ቤታችን ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ዴቶልና የመሳሰሉት ፌኖል ነክ ማጽጃዎች ለድመት መርዝ ናቸው። ጉበቷ እንደኛ ሊያስወግዳቸው አይችልም። ወለል ላይ ትረግጠዋለች፣ ከዚያ እግሯን ትልሳለች። ናፍታሊንም እንደዚሁ፣ ሽታው ያባርራታል ብለው በየጥጉ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ተዉት።

ዕጣን ማጨስ ቤት ያሸትታል፣ እንግዳ ሊመጣ ሲል ይጠቅማል። ግን አያጸዳም። እናንተ ዕጣኑን ስታሸቱ ድመቷ አሁንም ሽንቷን ታሸታለች። አፍንጫዋ ከእኛ እጅግ የበለጠ ስለሆነ «ሽንት ቤቴ እዚህ ነበር» ብላ ትመለሳለች። ዋናው ጣጣ ይህ ነው፤ ግማሽ የጸዳ ቦታ ለድመት ግብዣ ነው።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ይሠራሉ?

ይሠራሉ፣ በልካቸው። አቼቶ አሲድ ስለሆነ አሞኒያውን ያረግበዋል። አንድ እጅ አቼቶ ለአንድ እጅ ውሃ ቀላቅሉ፣ ቦታው ላይ ጨምሩ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁና ምጠጡት። ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፣ አሳድሩት፣ ጠዋት ጥረጉት።

ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቆ ሲንተከተክ ማየት ደስ ይላል፣ ግን አንዱ ሌላውን ስለሚያከሽፍ የሚቀራችሁ በአብዛኛው ጨዋማ ውሃ ነው። በየተራ አድርጓቸው። ለትኩስ ሽንት ይበቃሉ። ወር ለቆየው ግን አይበቁም። እምነ በረድ ላይም አቼቶ አታፍስሱ፣ ድንጋዩን ይበላዋል።

«ኢንዛይም ያለው ማጽጃ» ሲሉ እሰማለሁ። ምንድን ነው? የት አገኛለሁ?

ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ኢንዛይሞቹ ሽታ አምጪውን ነገር ሰባብረው በቀላሉ ወደሚታጠብና ወደሚተን ነገር ይለውጡታል። ውጭ አገር ያላችሁ በየእንስሳት መደብሩ ታገኙታላችሁ፤ ኔቸርስ ሚራክል የሚባለው በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶችንና ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችን ጠይቁ። ካጣችሁ የልብስ ዱቄት ሳሙናዎችን ጀርባ አንብቡ። «ኢንዛይም» ወይም «ፕሮቲዬዝ» የሚል የተጻፈበት ካለ በለብታ ውሃ በጥብጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። እንደ ልዩው ማጽጃ አይሆንም፣ ከተራ ሳሙና ግን ይሻላል።

ብዙ ሰው «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚለው አጠቃቀሙ ላይ ስለሚቸኩል ነው። ኢንዛይም ጊዜ ይፈልጋል፣ እርጥበትም ይፈልጋል። ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ዋጋ የለውም። ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ እንዲደርስ በደንብ አርሱት፣ ላዩን በፌስታል ሸፍኑት፣ ለሰዓታት ወይም እስከ ማግስቱ ተዉት፣ ከዚያ ገልጣችሁ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። እየደረቀ ሳለ ሽታው ለጊዜው ሊብስ ይችላል፤ አትደንግጡ። ቀድሞ በረኪና ወይም ሌላ ማጽጃ የገባበት ቦታ ከሆነ በመጀመሪያ በውሃ ብቻ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ አለዚያ ያ ማጽጃ ኢንዛይሙን ያበላሸዋል።

ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድስ?

ፋርማሲ የሚሸጠው 3% ጥሩ ነው። በተለይ የድኙን ሽታ ይቆርጠዋል። ቦታውን አርሱበት፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱ፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና ለስለስ ባለ ብሩሽ እሹት። ቀለም ያነጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩ። ከሶዳ ጋር የቀላቀላችሁትን ጠርሙስ ውስጥ ዘግታችሁ አታስቀምጡ፣ ጋዝ ስለሚፈጥር ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ድመቷንም እስኪደርቅ አርቋት።

ይሸተኛል፣ ግን የት እንደሆነ አጣሁት።

ሐምራዊ ብርሃን ያለው ዩቪ ባትሪ ፈልጉ። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ያ ትንሽ መብራትም ያግዛል። ማታ መብራት አጥፍታችሁ፣ መጋረጃ ዘግታችሁ፣ ወደ ወለሉ አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ አብሩ። የደረቀ ሽንት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሳሙናና ሌላ ነገርም ሊያበራ ስለሚችል ያገኛችሁትን አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አረጋግጡ። ዙሪያውን በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ መብራቱ ሲበራ ይጠፋባችኋልና። ወለሉን ብቻ አትዩ። የሶፋ ጀርባ፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ የበር ጉበን፣ የጫማ መደርደሪያ፣ ከአልጋ ሥር ያለው ሻንጣ፣ ሁሉንም።

ፍራሽና ሶፋ ይድናሉ?

አንድ ጊዜ ከሆነ አዎ። ስፖንጅ ፍራሽ ሽንቱን ወደ ውስጥ ስቦ ያስቀምጠዋል፤ ላዩን መጥረግ ስለዚህ ከንቱ ነው። ልብሱን አውልቃችሁ ለብቻ እጠቡ። ስፖንጁን በፎጣ ተጭናችሁ ምጠጡ፣ ኢንዛይሙን ሽንቱ የገባውን ያህል አስገቡ፣ ሸፍናችሁ አሳድሩት፣ ከዚያ እንደገና ምጠጡና ፀሐይ ላይ በጎኑ አቁሙት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አንሶላ አታንጥፉበት፣ ይሻግታል። በክረምት ይህን መሥራት ከባድ ነው፤ ፀሐይ ከሌለ ቬንቲሌተር አስጠጉለት።

ደጋግማ የሸናችበት አሮጌ ስፖንጅ ከሆነ ግን እኔ ብሆን አልደክምበትም። ስፖንጁን ብቻ ቆርጦ የሚቀይር የሶፋ ሠሪ አለ፤ ከአዲስ ሶፋ በጣም ይረክሳል።

ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ አጎዛስ?

ጥጥ ሁሉ ቀላል ነው። ጋቢና ነጠላ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ ኢንዛይም ባለው ሳሙና ዘፍዝፉ፣ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ። ጥለቱ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ፐሮክሳይድ አታስጠጉ። ከሁሉ በላይ ሽታው መጥፋቱን ሳታረጋግጡ ካውያ አታስነኩት፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥም አታስገቡት፤ ሙቀት ሽታውን ጨርቁ ውስጥ ያጣብቀዋል።

የሱፍ ብርድ ልብስና ሐር ኢንዛይም አይወዱም፣ ፕሮቲን ስለሆኑ ይበላቸዋል። ለእነሱ የተበጠበጠ አቼቶ ይሻላል። አጎዛ አስቸጋሪ ነው፤ ቆዳው ውሃ ሲበዛበት ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ፀጉሩን ብቻ አቼቶ በነካ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሶዳ ነስንሱ፣ ጥላ ሥር አናፍሱት።

ሊሾ፣ ፓርኬና የጭቃ ቤት አንድ ዓይነት ነው የሚጸዱት?

አይደለም። ሴራሚክ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፣ መጋጠሚያው ላይ ያለውን ነጭ ሲሚንቶ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ በቃ። ሊሾ ግን ጠንካራ ይምሰል እንጂ ሽንት ይመጥጣል። ፈትጋችሁ ታጥባላችሁ፣ በኢንዛይም አርሳችሁ ፌስታል አልብሳችሁ ታሳድራላችሁ፣ አድርቃችሁ ታሸታላችሁ። ካልሄደ ትደግማላችሁ። ሽታው ከሄደ በኋላ ቀለም ወይም ቫርኒሽ መቀባት ሌላ ጊዜ እንዳይገባ ይዘጋዋል። ሽታው ሳይሄድ መቀባት ግን አያዛልቅም።

ፓርኬ ላይ ውሃ አታብዙ። በጣውላዎቹ መሐል ይገባና ያብጣል። የጠቆረ ነጥብ ካያችሁ አሞኒያው እንጨቱን ለውጦታል ማለት ነው። አንዳንዴ ፐሮክሳይድ ያነጣዋል፣ ካልሆነ ላዩን አስፍቆ እንደገና ቫርኒሽ ማስቀባት ነው።

የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ መፍትሔ አለው። ሽንት የገባበትን ክፍል በመሮ ቆርሳችሁ አውጡና በአዲስ ጭቃ ምረጉት።

ኮርኒስ ላይ ሸኑብን!

ብዙ ቤት ያለ ችግር ነው። ድመቶች በጣሪያው ክፍተት ይገባሉ፣ እዚያው ይወልዳሉ፣ እዚያው ይሸናሉ። አቡጀዲው ላይ መጀመሪያ ትንሽ ቢጫ ክብ ትታያለች፣ ጠርዟ ቡናማ ነው፤ በሌላ ሳምንት ሌላ ክብ ጎኗ ይጨመራል። አቡጀዲ ከሆነ ያንን ክፍል አውርዶ ማጠብ ወይም መቀየር ነው። ቺፑድ ከሆነ ሽንቱን ጠጥቶ ስለሚያብጥ አይጸዳም፣ ቁራጩን ቀይሩት። ስትወጡ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፤ እዚያ ላይ የአይጥ ኩስና የዓመታት አቧራም አለ።

ቀዳዳውን ከመድፈናችሁ በፊት ግን ግልገሎች አለመኖራቸውን አረጋግጡ። እናቲቱን ውጭ አስቀርቶ ግልገሎቹን ውስጥ መዝጋት ጭካኔ ነው፣ ሞተው የሚያመጡት ሽታም ከሽንቱ የባሰ ነው። ካሉ እናታቸው እስክታወጣቸው ታገሡ፣ ወይም ከእናታቸው ጋር በካርቶን አውርዷቸው።

ስጥ ላይ ወይም እህል ጆንያ ላይ ብትሸናስ?

የረጠበውንና ዙሪያውን ያለውን አውጥታችሁ ጣሉ። የተፈጨ በርበሬና ዱቄት ከሆነ ሽንቱ የት ድረስ እንደደረሰ መለየት ስለማይቻል ሁሉም ይጣል። ያሳዝናል፣ ግን አይበላም። ስጡን በወንፊት ወይም በመረብ መሸፈን ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ሽንቱ በሽታ ያመጣል? ነፍሰ ጡር ነኝ።

ነፍሰ ጡሮችን የሚያሳስበው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ የሚተላለፈው በድመት ዓይነ ምድር ነው፣ በሽንት አይደለም። ነገር ግን ሳጥኑ ውስጥ ሁለቱም አብረው ስላሉ ሳጥኑን ሌላ ሰው ያጽዳልሽ። ሰው ከሌለ ጓንት አድርጊ፣ ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ በየቀኑም አጽጂው፤ ተውሳኩ ዓይነ ምድሩ ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ስለሚፈጅበት በየቀኑ የሚጣል ከሆነ ጊዜ አያገኝም። ለአስም ሕመምተኛ ደግሞ አሞኒያው ራሱ ደረት ይቀሰቅሳል።

ግን ለምንድን ነው ቤት ውስጥ የምትሸናው? ተንኮል ነው?

ተንኮል አይደለም። ድመት ልታናድደን ብላ አትሸናም። ይህን ካልተቀበልን ስናጸዳ መኖራችን ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው። ቶሎ ቶሎ ትቀመጣለች? ትንሽ ትንሽ ጠብታ ብቻ ይወጣል? ደም አለበት? ስትሸና ትጮኻለች? የሽንት ቧንቧ ሕመም ወይም ጠጠር ሊሆን ይችላል። ወንድ ድመት እየተቀመጠ ምንም ሽንት ካልወጣው ቧንቧው ተዘግቷል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት። አሮጊት ድመት ብዙ ውሃ እየጠጣች ብዙ የምትሸና ከሆነም ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ስለሚችል አሳዩአት።

ሕመም ከሌለ ቦታዋን ተመልከቱ። ብዙ ቤት ድመት ጓሮ ነው የምትወጣው። ዝናብ ሲበረታ ወይም ውሻ ግቢ ውስጥ ሲለቀቅ ደግሞ አትወጣም፤ ያኔ ምድጃ ውስጥ ያለ አመድ፣ የአበባ ማሰሮ አፈር፣ የከሰል ጆንያ፣ ወለል ላይ የተጣለ ልብስ ሽንት ቤቷ ይሆናል። ስለዚህ ዝናብ በማያገኘው ጥግ ሳጥን አዘጋጁላት። ውድ ነገር አያስፈልግም፣ ሰፋ ያለ ፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የተነፋ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ በቂ ነው። ከምግቧ አርቁት። በየቀኑ አንሱላት፤ የቆሸሸ ሳጥን አትገባም። ድመቶቹ ሁለት ከሆኑ ሳጥኑ ሦስት ይሁን፣ ሁልጊዜ ከቁጥራቸው አንድ ይብለጥ።

ሌላው ጭንቀት ነው። አዲስ ሕፃን፣ አዲስ ድመት፣ ቤት መቀየር፣ የበዓል እንግዳ ጋጋታ። ጸጥ ያለ መደበቂያ ስጧት፣ ይረግባታል።

ወንዱ ድመታችን ቆሞ ግድግዳ ላይ ይረጫል። ይህስ?

ይህ መሽናት ሳይሆን ድንበር ማመልከት ነው። ጅራቱን ቀጥ አድርጎ እያንቀጠቀጠ ጥቂት ወደ ኋላ ይረጫል። መፍትሔው ማኮላሸት ነው፣ በ5 ወይም በ6 ወር ዕድሜው አካባቢ። ከተኮላሹ ወንዶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ይተዋሉ። ሳይለምድበት ቢደረግ ይመረጣል፤ ካደገ በኋላ ቢሆንም ግን በአብዛኛው ይሠራል። የረጨበትን ግድግዳ ከጉልበት በታች በሙሉ እጠቡ፣ ወደ ወለሉ የወረደውንም። የውጭ ድመት መጥቶ የሚረጭ ከሆነ ማታ መስኮቱን ዝጉ፣ ምግብ ደጅ ላይ አታሳድሩ።

ልምታት? አፍንጫዋን ሽንቱ ላይ ላሻሽ?

በፍጹም። ለምን እንደተመታች አይገባትም። የምትማረው እናንተን መፍራትና ተደብቃ መሽናትን ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ከቁም ሳጥን ጀርባ ታገኙታላችሁ። በርበሬ መነስነስም እንዲሁ ዓይኗንና እግሯን ማቃጠል ነው። የቡና አተላም አይሁን፣ ካፌይን ይመርዛታል። ከተፈለገ ቦታው በደንብ ከጸዳ በኋላ የብርቱካን ልጣጭ አስቀምጡበት፣ ሽታውን አትወድም። ከዚያ የሚሻለው የምግብ ሳህኗን እዚያው ማድረግ ነው፤ ድመት በምትበላበት ቦታ መሽናት አትፈልግም።

አሜሪካ ነው የምኖረው፣ ቤቱ ኪራይ ነው፣ ዲፖዚቴን እንዳላጣ እፈራለሁ።

ምንጣፉ ከወለሉ ጋር የተነጠፈ ከሆነ ሥሩ ስፖንጅ አለ፣ ከስፖንጁ ሥር ደግሞ እንጨት። ሽንቱ ሁሉንም ያልፋል። ላዩን ብቻ አጽድታችሁ ብትወጡ አከራዩ በሙቀት ቀን ያሸተዋል። የእንፋሎት ማሽን ከመከራየታችሁ በፊት ቦታውን በኢንዛይም ጨርሱ፣ እንፋሎቱ ሙቀት ነውና ሽታውን ሊያጣብቀው ይችላል። ካልሆነ ጥጉን ገለጥ አድርጎ የተበላሸውን ስፖንጅ ብቻ ማስቀየር ሙሉ ምንጣፍ ከመክፈል ያድናል፤ ግን ምንጣፉን ከመንካታችሁ በፊት አከራዩን አስፈቅዱ፣ ፎቶም አንሱ።